ጂን፣ ግልባጭ፣ ፕሮቲን፣ ጠባይ፤ አንድ አይደሉም
(የወሎ ማሽላ ለባዮሎጂ መምህር የሚሰጠው ትምህርት)

በልምምድ ማስተማር ጊዜ ከመካከላችን አንዱ በጥቁር ሰሌዳ ላይ «የወሎ ማሽላ ገንቢ የሆነው ላይሲን የሚሠራ ጂን ስላለው ነው» ብሎ ጻፈ። ተማሪዎቹም በየደብተራቸው ገለበጡት። ዓረፍተ ነገሩ ሲያነቡት ያምራል፤ ግን ስሕተት ነው። መምህር ሲሳሳት ደግሞ ስሕተቱ በስልሳ ደብተር ተባዝቶ ስልሳ ቤት ይገባል። ስለዚህ በዚህ እትም ስሕተቱ ከየት ከየት እንደመጣ አንድ በአንድ ለይተን እንመልከት።

በመጀመሪያ ነገሩ ምንድን ነው? የወሎ ገበሬዎች ከሌላው ማሽላ ጋር አሰባጥረው ሲዘሯቸው የኖሩ «ወተት በጉንጬ» እና «ማርጩቄ» የሚባሉ የማሽላ ዓይነቶች አሉ። ፍሬያቸው ሲደርቅ ይጨማደዳል፤ ምርታቸውም ያንሳል። ቢሆንም እሸታቸው በእሳት ተለብልቦ ሲበላ ስለሚጣፍጥ ገበሬው አልጣላቸውም። ሲንግና አክስቴል የተባሉ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ የተገኙ ሁለት የማሽላ ዘሮች ላይሲናቸው ከፍተኛ መሆኑን ለዓለም አሳወቁ። በተራ ማሽላ ከ100 ግራም ፕሮቲን ውስጥ ላይሲኑ 2 ግራም ገደማ ሲሆን፣ በእነዚህ ግን ከ3 ግራም በላይ ነው። ወሎ በረሃብ በተመታበት በዚያው ዓመት መሆኑ ልብ ይነካል።

1. ላይሲንና ፕሮቲን
ላይሲን ፕሮቲን አይደለም፤ አሚኖ አሲድ ነው። ፕሮቲን ግድግዳ ከሆነ አሚኖ አሲድ ጡቡ ነው። ሰውነታችን ላይሲንን መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት አለበት። ስለዚህ «ፕሮቲኑ ብዙ ነው» ማለትና «ፕሮቲኑ ጥሩ ነው» ማለት ይለያያሉ። የማሽላ እንጀራ በሽሮ ሲበላ የሚሻለውም ለዚህ ነው፤ ሽምብራና ባቄላ ማሽላ የጎደለውን ላይሲን ይሞላሉ።

2. ዲኤንኤ፣ ክሮሞዞምና ጂን
ዲኤንኤ መልእክቱ የተጻፈበት ረጅም ሞለኪውል ነው። ክሮሞዞም ይኸው ዲኤንኤ ከፕሮቲን ጋር ተጠቅልሎ የተቀመጠበት ጥቅል ነው። ማሽላ በአንድ የአካል ሕዋስ ውስጥ 20 ክሮሞዞሞች፣ ማለትም 10 ጥንድ፣ አሉት። ጂን ደግሞ በዚያ ረጅም ጽሑፍ ውስጥ ያለ አንድ ክፍል ነው። እንግዲህ «ክሮሞዞም ማለት ጂን ነው» የሚል ተማሪ መጽሐፉንና አንቀጹን አንድ እያደረገ ነው።

3. ማባዛት፣ መገልበጥና መተርጎም
ብዙዎቻችንን የሚያደናግረን ይህ ነው። ምሳሌው ግን ከደጃችን አለ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ያስተማሩበትን የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳም እናስብ። አንድ ትልቅ መጽሐፍ በዕቃ ቤት ተቀምጧል እንበል። ሌላ ገዳም ሲመሠረት መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር ይጻፍለታል፤ ይህ ማባዛት ነው። ሕዋስ ለሁለት ከመከፈሉ በፊት ዲኤንኤውን እንዲሁ ያባዛል። ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ሰው አንዲት አንቀጽ ብቻ ይፈልጋል። መጽሐፉ ከዕቃ ቤት አይወጣም፤ አንቀጿ በቁራጭ ብራና በዚያው በግዕዝ ተጽፋ ትወጣለች። ይህ መገልበጥ ነው፤ ቁራጯ ብራና አርኤንኤ፣ ዕቃ ቤቱም ኒውክለስ ነው። ከዚያ በኋላ ግዕዝ አዋቂው አንቀጿን ተቀብሎ ወደ አማርኛ ይመልሳታል። መተርጎም ማለት ይህ ነው። ተርጓሚው ራይቦዞም ሲሆን፣ ፊደሎቹን ሦስት ሦስት እያደረገ ያነባል። ለምሳሌ በአርኤንኤ ላይ ኤ-ኤ-ኤ ወይም ኤ-ኤ-ጂ ሲያገኝ ላይሲንን ያስገባል። በመገልበጥ ጊዜ ቋንቋው አልተለወጠም፤ በመተርጎም ጊዜ ግን ተለወጠ። ልዩነቱን በዚህ ያዙት።

ልብ በሉ፤ ራይቦዞም ላይሲንን በቦታው ያስገባል እንጂ አይሠራውም። ላይሲንን የሚሠሩት ኤንዛይሞች ናቸው። «ላይሲን የሚሠራ ጂን» የሚለው አነጋገር እዚህ ላይ ይሰናከላል።

4. ጂን መያዝና ጂን መሥራት
የማሽላው ሥር፣ ቅጠልና ፍሬ ያው አንድ ዓይነት ጂኖች አሏቸው። ካፊሪን የተባለው የማሽላ ፕሮቲን ግን የሚከማቸው በፍሬው ውስጥ ነው። መጽሐፉ በሁሉም ቤት አለ፤ የሚነበበው ገጽ ግን በየቤቱ ይለያያል።

5. ጂንና አሌል
አሌል የአንድ ጂን የተለያየ መልክ ነው። የወሎውን ማሽላ የሚለየው አሌል ሪሴሲቭ፣ ማለትም ተሸናፊ ነው። በፍሬው ውስጥ አንድ እንኳ መደበኛ አሌል ካለ ጠባዩ አይገለጥም። ስለዚህ «ጂኑ አለው፣ ሌላው የለውም» ከማለት «አሌሉ ይለያል» ማለት ይሻላል።

ታዲያ ትክክለኛው ዓረፍተ ነገር የቱ ነው? ካፊሪን ላይሲን የለውም ለማለት ይቻላል። በወሎው ማሽላ ካፊሪን ይቀንሳል፤ ላይሲን ያላቸው የሌሎቹ ፕሮቲኖች ድርሻ በዚያው ልክ ከፍ ይላል። አያችሁ፣ ላይሲኑ ከፍ ያለው ላይሲን የሚሠራ አዲስ ጂን ስለገባ ሳይሆን አንዱ ፕሮቲን ስለቀነሰ ነው። በሰሌዳው ላይ መጻፍ የነበረበትም «የወሎው ማሽላ ካፊሪን የሚያሳንስ አሌል ስላለው የፕሮቲኑ ጥራት ተሻለ» የሚል ነበር።

ገበሬው አሌል የሚባለውን ስም ሳይሰማ ዘሩን በምላሱ ለይቶ ጠብቆልናል። እኛ ስሙን የተማርነው ደግሞ ቢያንስ ስሙን ከስሙ ሳናምታታ ለልጆቹ እናስተምር። ያ ጓደኛችንም በማግስቱ ዓረፍተ ነገሩን በራሱ እጅ አርሞ አስገልብጧል፤ ይህም የመምህር ወግ ነው።

መልመጃ
ሀ. «ራይቦዞም ዲኤንኤን ያነባል» የሚለውን አርሙ።
ለ. የማሽላ ቅጠል የካፊሪን ጂን እያለው ካፊሪን የማያከማቸው ለምንድን ነው?
ሐ. ወተት በጉንጬ ከተራ ማሽላ ጋር ተዳቅሎ የተገኘው ፍሬ ላይሲኑ ከፍተኛ ይሆናል? ለምን?