የመስኮት ሞተር ሲፈታ ሞላው ምን ያደርጋል?

ከሻሸመኔ በሀላባ በኩል ወደ ሶዶ የሚወስደው መንገድ ቦዲቲን ያቋርጣል። ጣራቸው የሚከፈት አሮጌ የአሜሪካ መኪኖች በዚህ መንገድ እምብዛም አይታዩም፤ ይሁን እንጂ የመስኮታቸው አሠራር ለፊዚክስ ተማሪ ጥሩ ትምህርት ነው። ተመሳሳይ አሠራር በአሮጌ ቶዮታዎች በር ውስጥም ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በተሠሩት በእነዚህ መኪኖች መስታወቱን የሚያነሣው እንደ መቀስ የተጣመረ ክንድ ሲሆን፣ ክብደቱን የሚያቃልል ጥቅል ሞላ አለው። መስታወቱ ሲወርድ ሞላው ይበልጥ ይጠቀለላል፤ የሚያከማቸው እምቅ ጉልበትም በጥቅሉ ማዕዘን ካሬ መጠን ያድጋል። ሞተሩ ክንዱን የሚያንቀሳቅሰው በጠመዝማዛ ጥርስ ስለሆነ ከክንዱ የሚመጣ ግፊት ወደ ኋላ ሊያዞረው አይችልም። እንግዲህ ኤሌክትሪክ ባይኖርም ሞላውን አግቶ የያዘው ሞተሩ ራሱ ነው። ባትሪ መንቀል ብቻውን የማይበቃውም ለዚህ ነው፤ በተለይ ክንዱ ከመስታወቱ ተላቆ ሳለ ሞተሩ ቢፈታ፣ ጥርሳማው ክንድ ተስፈንጥሮ ጣት ሊቆርጥ ይችላል።

ስለዚህ በቅድሚያ የባትሪው ኔጋቲቭ ገመድ ይነቀላል፤ መስታወቱም ከፍ እንዳለ በሽብልቅ ይደገፋል። ሞተሩ ከመነካቱ በፊት ጥርሳማው ክንድና የጀርባው ብረት በአንድነት ተበስተው በብሎን ይታሰራሉ። በችኮላ የሚዘለለው ይኸው እርምጃ ነው። ማሰሪያው ብሎን የሚወጣው አዲሱ ሞተር ጥርስ ለጥርስ ገጥሞ ከጠበቀ በኋላ ብቻ ነው። የእነዚህ መኪኖች በር የመስታወት ፍሬም ስለሌለው፣ መስታወቱ ከጣራው ጎማ ጋር በትክክል መግጠሙ ቀስ ተብሎ ይሞከራል።