ከካርዱ በፊት መርፌው፣ ከመርፌው በፊት እውነቱ

ከአዲስ አበባ በደሴ አድርጎ ወደ ወልድያ የሚዘልቀው አስፋልት መርሳ ከተማን መሀል ለመሀል ሰንጥቆ ያልፋል። በዚህ መንገድ ከሀብሩ ወረዳ ቀበሌዎች ስንቱ ወጣት ለሥራ ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ተሸኝቷል፤ ስንቱ አዛውንት ለሐጅ ተመርቆ ወጥቷል። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የጤና ምርመራ ሲባል ወራት ያልፋሉ። የቢጫ ወባ ክትባት መወሰዱን የሚያረጋግጠው ቢጫ ካርድ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታወሰው ጉዞው ሳምንት ሲቀረው ነው። ያኔ ደግሞ «መርፌው ይቅርብህ፣ ካርዱን ብቻ እኔ አመጣልሃለሁ» የሚል ደላላ አይጠፋም። እባክዎ እምቢ ይበሉት።

ካርዱ የሚጠየቀው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ቢጫ ወባ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ተነስቶ 100,000 ያህል ሰው እንዳሳመመ፣ 30,000 ያህሉንም እንደገደለ ይገመታል። በ2005 ዓ.ም ደቡብ ኦሞ ላይ፣ በ2012 ዓ.ም ደግሞ ጉራጌ ዞን እኖር ኤነር ላይ እንደገና ታይቷል። የመርሳ ሰው ኦሞን በዓይኑ አይቶ ባያውቅም የሚነሳው ከኢትዮጵያ ነውና እንደ ሳዑዲ ዓረቢያ ያሉ አገሮች ካርዱን ይጠይቁታል። ፍርሃታቸውም እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2016 አንጎላ ውስጥ ወረርሽኝ በተነሳ ጊዜ 11 ሕሙማን በሽታውን ይዘው ቻይና ገብተዋል።

መርሳ ላይ ወባን የማያውቅ የለም፤ ቢጫ ወባ ግን ሌላ በሽታ ነው። የሚያመጣው ቫይረስ ነው፤ የምታስተላልፈው ትንኝም በብዛት የምትናከሰው በቀን ነው። የወባ ክኒን አያስጥልም። ከያዘ በኋላ የሚያድን የተለየ መድኃኒትም የለውም፤ የሚያዋጣው ቀድሞ መከተብ ነው።

ክትባቱ እ.ኤ.አ. በ1937 የተገኘ ነው። ያገኘው ተመራማሪ ማክስ ታይለር ለዚህ ሥራው እ.ኤ.አ. በ1951 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ብልቃጡ ውስጥ ያለው ደረቅ ዱቄት ነው፤ ነርሷ ከፈሳሹ ጋር ትበጠብጠውና ግማሽ ሚሊ ሊትር ከክንድ ቆዳ ሥር ትወጋለች። የተበጠበጠው ከ6 ሰዓት በላይ አያገለግልም፤ ስለዚህ «መቼ ነው የተበጠበጠው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ዱቄቱ ውስጥ ያለው የተዳከመ፣ ግን ሕያው ቫይረስ ነው። ለጤነኛ ሰው ይህ በረከት ነው፤ አንድ ጊዜ የተወጋ ሰው ለዕድሜ ልኩ ይጠበቃል። ሰውነቱ የመከላከል አቅም ላጣ ሰው ግን የተዳከመውም ሊበረታ ይችላል።

ለዚህ ነው ከመርፌው በፊት ጥያቄ የሚቀርበው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ነርሷ «እማማ፣ የሚውጡት መድኃኒት አለ?» ትላለች። እናት ደግሞ ጉዞው እንዳይስተጓጎልባቸው ሰግተው «የለም ልጄ፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያዳክመው የፕሬድኒሶሎን ክኒን ግን በነጠላቸው ጫፍ እንደተቋጠረ ነው። አንዲት ወጣት ሰው እንዳይሰማባት ብላ የኤችአይቪ መድኃኒት እንደምትወስድ ትደብቃለች። እኔ የምለው፣ እዚያች ክፍል ውስጥ የሚደበቅ ነገር ሊኖር አይገባም። ሰው ካለ «ለብቻችን እንነጋገር» ይበሉ።

ኤችአይቪ በደም ውስጥ መኖሩ ብቻውን አይከለክልም፤ የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚያሳየው የሲዲ ፎር ቁጥር ከ200 በታች ከሆነ ወይም በሽታው ምልክት ካሳየ ግን አይወጋም። የካንሰር ሕክምና ላይ ያለ፣ ፕሬድኒሶሎንን በከፍተኛ መጠን ለሳምንታት የወሰደ፣ ደረት ውስጥ የምትገኘው የታይመስ ዕጢ የታመመችበት ወይም የወጣችለት ሰውም እንዲሁ። ክትባቱ የሚዘጋጀው በዶሮ እንቁላል ውስጥ ነውና እንቁላል በልቶ ፊቱ የሚያብጥ፣ ትንፋሽ የሚያጥረው ሰው አስቀድሞ ይናገር። ከ6 ወር በታች ያለ ሕፃን ፈጽሞ አይከተብም፤ መደበኛው ዕድሜ ከ9 ወር ጀምሮ ነው። እርጉዝም ሆነች ከ9 ወር በታች ሕፃን የምታጠባ እናት ከሐኪም ሳትመክር አትወጋ፤ የተከተበችም ለአንድ ወር እርግዝና ብታቆይ ይሻላታል።

ዕድሜያቸው 60 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ክትባቱንም ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስዱ የሐጅ መንገደኞች በተለይ ይስሙኝ። ቫይረሱ ጉበትንና ኩላሊትን የሚያጠቃበት ከባድ ጉዳት በጠቅላላው ከአንድ ሚሊዮን ተከታቢ ሦስት ገደማ ሰው ላይ ይደርሳል፤ ከ60 በላይ ባሉት ግን ወደ 12 ይጠጋል። ያም ሆኖ ጥቂት ነው፤ አትከተቡ ማለቴ አይደለም። ከሐኪም ጋር ተቀምጦ መመዘን ያለበት ግን ነው። መከተብ የማይችል ሰው ሐኪሙ የሕክምና ማስረጃ ይጽፍለታል፤ የመዳረሻው አገር ይቀበለው እንደሆነ ግን ትኬት ከመቁረጥ በፊት ይጠየቅ።

ከመርፌው በኋላ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት፣ ቀለል ያለ ትኩሳት ቢኖር አይደንግጡ፤ በጥቂት ቀናት ይለቃል። ዓይን ቢጫ ከሆነ፣ ብርቱ ትኩሳት አልበርድ ካለ ወይም አእምሮ ከተዛባ ግን ሳይውሉ ሳያድሩ ወልድያ ሆስፒታል ይድረሱ፤ መከተብዎንም መጀመሪያ ይናገሩ።

ካርዱ የሚሠራው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ሐሙስ ተወግቶ እሑድ የሚበር ሰው ካርድ ይዞም ካርድ እንደሌለው ሊቆጠር፣ እስከ 6 ቀንም ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። ካርዱን የሚሰጠው የተፈቀደለት የክትባት ጣቢያ ብቻ ስለሆነ፣ ቢያንስ ጉዞው ወር ሲቀረው ይነሱ። ከመውጣትዎ በፊት ስምዎ እንደ ፓስፖርቱ መጻፉን፣ ቀኑን፣ የክትባቱን መለያ ቁጥር፣ ፊርማውንና ማኅተሙን ይመልከቱ፤ ስርዝ ድልዝ ያለበት ካርድ ዋጋ የለውም።

ካርዱ በየ10 ዓመቱ ይታደስ የነበረው ድሮ ነው። ከሐምሌ 4 ቀን 2008 ዓ.ም ጀምሮ፣ ቀድሞ የተሰጠውም ጭምር፣ ለባለቤቱ ዕድሜ ልክ ያገለግላል። «ጊዜው አልፎበታል፣ አሳድስልዎ» ለሚል ሰው ገንዘብዎን አይስጡ።