እንጀራ ለምትጋግሪው ለእህቴ ልጅ

ቤት ተከራይተሽ እንጀራ እየጋገርሽ ለምግብ ቤት ማስረከብ እንደጀመርሽ እናትሽ ነገረችኝ። እሰይ! ነርስ ሆኜ ጡረታ እስክወጣ የሰው ሳንባ ሳዳምጥ ኖሬያለሁና ስለ ዱቄቱና ስለ ገበያው ሌሎች ይምከሩሽ፤ እኔ ስለ ጭሱ ልንገርሽ።

1. እንባሽን መለኪያ አታድርጊው። እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል ምጣድ ሥር ሲጨስ ዓይን ያቃጥላል፣ ያስላል፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ጋጋሪዋ «ለመድኩት» ትላለች። የተለመደው ማቃጠሉ ነው፤ ሳንባ ጭስ አይለምድም። የአየር ቧንቧችን ውስጡ በዓይን በማይታዩ ፀጉር መሰል ነገሮች የተሸፈነ ነው። አቧራውንና ጥላሸቱን ከአክታ ጋር ወደ ጉሮሮ እየጠረጉ ያወጣሉ። ጭስ መጀመሪያ ያደነዝዛቸዋል፣ ሲቆይ ያጠፋቸዋል። አክታው ይበዛል፣ የሚያወጣው ይጠፋል፤ ጠዋት ጠዋት የማይለቅ ሳል የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ከዚያ የባሰው ከ2.5 ማይክሮሜትር የሚያንሰው ብናኝ ነው። አፍንጫም ጉሮሮም አይይዘውም፤ አየርና ደም እስከሚገናኙበት ድረስ ይወርዳል። ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ ቧንቧው ይቆስላል፣ ይጠባል። ሲጋራ ነክታ የማታውቅ እናት የአጫሽ ሳንባ ይዛ ስትመጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ዳገት ላይ ቆም ቆም ትላለች፣ «እርጅና ነው» ትላለች። መድኃኒቱ ያስታግሳታል እንጂ የጠበበውን አይመልስላትም።

2. ልጅ አዝለሽ አትጋግሪ። ሕፃን ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ለክብደቱ ከአንቺ የበለጠ ጭስ ይስባል፤ ሳንባውም ገና እያደገ ነው። የሳንባ ምች የሚደጋገምባቸው ልጆች ሲመጡ ምድጃው የት እንዳለ እጠይቅ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. የቤት ውስጥ ጭስ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደገደለ ገምቷል፤ ከ237,000 በላዩ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

3. ደረቅ ማገዶ፣ ጭስ ማውጫ፣ ከተቻለ ማገዶ ቆጣቢው ምርጥ ምድጃ። መብራት ሲኖር በኤሌክትሪክ ምጣድ። ዋጋውን አውቃለሁ፣ አትቆጪኝ።

4. የፈራሁልሽ ግን ከሰሉን ነው። ክረምት ሲገባ ጠባብ ክፍል ዘግቶ፣ የበሩን ሥር በጨርቅ ጠቅጥቆ፣ ከሰል አስገብቶ መተኛት አለ። «ፍም ሆኗል፣ አመድ ለብሷል፣ መርዙ ወጥቷል» ይላሉ። አልወጣም። ጭስ የማይታይበት ፍም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ሽታም ቀለምም የለውም። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ሳንባሽ አየር እየሳበ አንጎልሽ ይራባል። ራስሽን ከፈለጠሽ፣ ካጥወለወለሽ፣ ጉልበትሽ ከከዳሽ፣ በተለይ አብሮሽ ያለውም እንዲሁ ከሆነ፣ ምክንያት አትፈልጊ፤ በሩን በርግደሽ ውጪ፣ ሌላውንም አውጪ። ወተት አያወጣውም፣ ሎሚ ማሽተትም አያድንም። ንጹሕ አየር ላይ መርዙ በግማሽ እስኪቀንስ ከአራት እስከ አምስት ሰዓት ይፈጃል፤ ሐኪም ቤት በጭንብል በሚሰጥ ኦክስጅን ግን ከአንድ ሰዓት ትንሽ ቢያልፍ ነው። ጣት ላይ የሚሰካው መለኪያ ኦክስጅንሽ ደኅና ነው ቢል እንዳያታልልሽ፤ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን አይለይም። «ከሰል አጠገብ ነበርኩ» ብለሽ ተናገሪ።

5. እሳት ቢነሳ፣ እግዜር አያምጣውና፣ ዕቃ አትልቀሚ። ጭስ ወደ ላይ ስለሚወጣ ወለሉን ተጠግተሽ እየዳኽሽ ውጪ። ስፖንጅ ፍራሽና ፕላስቲክ ሲቃጠሉ ሳያናይድ የሚባል መርዝም ያወጣሉ፤ ጥቂት ትንፋሽ ሰው ይጥላል። ከእሳት በእግሩ ወጥቶ «ደኅና ነኝ» ያለም አይለቀቅ። አፍንጫው ውስጥ ጥላሸት ካለ፣ የአፍንጫው ፀጉር ከተለበለበ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ጉሮሮው ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። እብጠቱ ከሰዓታት በኋላ መጥቶ መተንፈሻውን ሊዘጋው ስለሚችል ሌሊቱን ሐኪም አጠገብ ይደር።

6. ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ካለሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ መጀመሪያ ቲቢ አለመሆኑ ይታይ። ሲጋራ ታጨሻለሽ ወይ ብለው ይጠይቁሻል። «አላጨስም» ብለሽ ዝም አትበዪ፤ በቀን ስንት ሰዓት፣ በምን ማገዶ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ እንደምትጋግሪ ንገሪያቸው፣ ካርድሽ ላይም ያስፍሩት።