ታዞ መጥፋትና ሳይታዘዝ መጥፋት፦ በአንድ አነስተኛ ድርጅት ሰርቨር ላይ የተደረገ የብልሽት ምርመራ

መግቢያ

በአነስተኛ የንግድ ድርጅቶች ውስጥ ሰርቨር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ተተኪ የለውም። የሂሳብ መዝገቡ፣ የግምጃ ቤት ዝርዝሩና የደንበኞች ፋይል በዚያው ላይ ስለሚቀመጡ እሱ በጠፋ ቁጥር ሥራው ሁሉ ይቆማል። እንዲህ ያለው ሰርቨር «በራሱ እየጠፋ ይነሳል» ተብሎ አቤቱታ ሲቀርብ የጥገና ባለሙያው በቅድሚያ የሚያደርገው ዕቃ መለወጥ ነው፤ መጀመሪያ ራም፣ ቀጥሎ ፓወር ሰፕላይ፣ በመጨረሻም ማዘርቦርድ። ይህ አጭር ጽሑፍ የዚህን ልማድ ድክመት በአንድ ጉዳይ ላይ ተመሥርቶ ለማሳየት ይሞክራል። የጽሑፉ መከራከሪያ አንድ ዕቃ እንኳ ከመፈታቱ በፊት «መጥፋቱን ያዘዘ አካል አለ ወይስ የለም?» የሚለው ጥያቄ መመለስ አለበት የሚል ነው።

የጉዳዩ አመጣጥ

ጉዳዩ የተገኘው በአዲስ አበባ ከሚገኝ፣ የመኪና መለዋወጫ ከሚያስመጣ አንድ ድርጅት ነው። ሰርቨሩ ዊንዶውስ ሰርቨር 2019 የተጫነበት ሲሆን ፒችትሪ የተባለው የሂሳብ ፕሮግራም የሚገለገልበትን ዳታ ይይዛል። በ2016 ዓ.ም. ጥር ወር ሰርቨሩ በአማካይ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ እየጠፋ መነሳት ጀመረ። የተጠራው ባለሙያ ራሙን ለወጠ፤ ለሁለት ቀናት ጸጥ ካለ በኋላ ችግሩ ተመለሰ። በየካቲት መጨረሻ ሁኔታው ተባብሶ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ደጋግሞ መጥፋት ሲጀምር ፓወር ሰፕላዩም ተለወጠ፤ ይህም ለውጥ አላመጣም። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በመጋቢት ሁለተኛ ሳምንት ሲጠራ የየካቲት ወር የተጨማሪ እሴት ታክስ ማሳወቂያ ገና አልቀረበም ነበር። የዳታ ፋይሉ በድንገተኛ መጥፋት ተበላሽቶ፣ የመጨረሻው ቅጂ የተወሰደው ደግሞ ከመበላሸቱ ሁለት ቀን በፊት ስለነበር፣ የሂሳብ ባለሙያዋ የሁለት ቀን ሽያጭ ከደረሰኝ ቅጠል ላይ እንደ አዲስ እየመዘገቡ ነበር።

ራሙ ከተለወጠ በኋላ የታየው የሁለት ቀን ጸጥታ ሊጤን ይገባዋል፤ ባለቤቱንም ባለሙያውንም ያሳሳተው እሱ ነውና። ብልሽቱ በዘፈቀደ የሚከሰትና በአማካይ በሁለት ቀን አንድ ጊዜ የሚታይ ከሆነ፣ ማንም ምንም ሳይነካው ሁለት ቀን በሰላም የማለፉ ዕድል በፖይሶን ስሌት 37 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ዕድል ወደ 5 በመቶ ለማውረድ የአማካዩን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም ስድስት ቀን፣ ያለምንም ክስተት መጠበቅ ያስፈልጋል። በሁለት ቀን ጸጥታ ላይ ተመሥርቶ «ራሙ ነበር» ብሎ መደምደም ሳንቲም ወርውሮ ከመወሰን እምብዛም የማይሻል ማስረጃ ነው።

ሰዓትና ምስክርነት

ቀደም ሲል የመጣው ባለሙያ የዊንዶውስን የክስተት መዝገብ ተመልክቶ «ምንም የተጻፈ ነገር የለም» ማለቱ ተነግሯል። በእርግጥ ግን ተጽፎ ነበር። የሂሳብ ባለሙያዋ ሰርቨሩ የጠፋበትን ሰዓት በማስታወሻ ደብተር ይይዙ ነበር፤ ለምሳሌ በአንድ ዕለት «4:40» ብለው ጽፈዋል። ይህ በአገራችን አቆጣጠር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ሲሆን በሰርቨሩ መዝገብ ላይ የሚገኘው 10:40 ተብሎ ነው። በማዘርቦርዱ ላይ ያለው፣ ቢኤምሲ በመባል የሚታወቀው መቆጣጠሪያ ደግሞ የራሱ ሰዓት ያለውና በዓለም አቀፉ መደበኛ ሰዓት የተሞላ ስለነበር ያንኑ ክስተት 07:40 ብሎ መዝግቦታል። ለአንድ ክስተት ሦስት ሰዓት ማለት ነው። በ04:40 እና በ16:40 አካባቢ የፈለገ ሰው ባዶ መዝገብ ማግኘቱ አያስገርምም። የቀን አቆጣጠሩ ልዩነትም እንዲሁ ነው፤ ደብተሩ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር፣ መዝገቡ በጎርጎርዮሳዊው ነው። ስለዚህ የምርመራው የመጀመሪያ ግማሽ ቀን የዋለው ሦስቱን መዝገቦች በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን በማስተካከል ነው። በውጭ አገር የተዘጋጁ የጥገና መመሪያዎች ስለዚህ ጉዳይ አያነሱም፤ ማንሳትም አይጠበቅባቸውም።

ሁለተኛው ጥያቄ «ይነሳል» የሚለው ቃል ነበር። ሠራተኞቹ በተናጠል ሲጠየቁ በጥር ወር ሰርቨሩ በእርግጥ በራሱ ይነሳ እንደነበር፣ በመጋቢት ግን ከጠፋ በኋላ በአቅራቢያው ያለ ሰው ሁሉ ቁልፉን እየተጫነ ያስነሳው እንደነበር ታወቀ። ቁልፍ መጫኑ ልማድ ስለሆነ ማንም እንደ ቁም ነገር ቆጥሮ አልተናገረውም። የቢኤምሲው መዝገብም በመጋቢት ወር ከእያንዳንዱ መነሳት በፊት የኃይል ቁልፍ መጫኑን ያሳያል፤ በጥር ግን እንዲህ ያለ ምልክት የለም። አንድ ተብሎ የቀረበው በሽታ ሁለት ሊሆን እንደሚችል የተጠረጠረው ከዚህ ተነሥቶ ነው።

መዝገቡ የሚለውና የማይለው

ዊንዶውስ ሥርዓቱን ጠብቆ ሲዘጋ ቁጥር 1074 የሆነ ክስተት ይመዘግባል። በዚህ ውስጥ መዝጋቱን ያዘዘው ፕሮግራም፣ የተጠቃሚው ስምና ምክንያቱ ይሰፍራሉ፤ ቀጥሎም የመዝገብ አገልግሎቱ መቆሙን የሚያሳይ ቁጥር 6006 ይከተላል። ሳይታዘዝ ሲጠፋ ግን በዚያች ቅጽበት የሚጽፍ አካል የለም። ሰርቨሩ ተመልሶ ሲነሳ ብቻ ያለፈው አዘጋግ ሥርዓት የጎደለው እንደነበር በቁጥር 41 እና በቁጥር 6008 ይመዘገባል። ቁጥር 41 ምንጩ «ከርነል ፓወር» ተብሎ ስለሚጻፍ ብዙዎች ስሙን ብቻ አይተው ፓወር ሰፕላይ ያዛሉ፤ በዚህ ጉዳይም የሆነው ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ክስተቱ የሚለው ግን «ባለፈው ጊዜ በአግባቡ አልተዘጋሁም» ብቻ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ «ባግቼክ ኮድ» የሚለው ቁጥር ከዜሮ የተለየ ከሆነ ስርዓተ ክወናው ራሱ ሰማያዊ ስክሪን አሳይቶ ወድቋል ማለት ነው፤ ያኔ ምርመራው ወደ ድራይቨርና ወደ ራም ይሄዳል። ዜሮ ከሆነ ኃይል ተቋርጦ፣ ማሽኑ ደርቆ ወይም አንድ ሰው ቁልፉን ይዞ አጥፍቶት ሊሆን ይችላል፤ ከእነዚህ መካከል ለመለየት ሌላ ምስክር ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ሲወድቅ ወዲያው እንዲነሳ የሚያደርገው ምርጫ ከፋብሪካው እንደበራ የሚመጣ በመሆኑ ሰማያዊው ስክሪን ለዓይን ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። በምርመራ ወቅት ይህን ምርጫ ማጥፋት ምንም ወጪ የሌለው እርምጃ ነው።

በዚህ መመዘኛ ሲለዩ የጥር ወር ክስተቶች በሙሉ ቁጥር 41፣ ባግቼክ ኮዳቸውም ዜሮ ሆነው ተገኙ። በየካቲት ሦስተኛ ሳምንት መጨረሻ ግን ቁጥር 1074 በብዛት ብቅ ይላል፤ ቁጥር 41ም በመሀሉ አልፎ አልፎ ይቀጥላል።

ሙቀትም ለጊዜው ተጠርጥሮ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሩ ስስ ነው፤ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት የመሸከም አቅሙ ያነሰ ነው። አሽሬ የተባለው የአሜሪካ የማቀዝቀዣና አየር ማስተካከያ መሐንዲሶች ማኅበር ኤ2 ለሚባለው የሰርቨር ምድብ የሚፈቅደው ከፍተኛ የክፍል ሙቀት 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ከ900 ሜትር በላይ በየ300 ሜትሩ አንድ ዲግሪ ይቀነሳል። ለአዲስ አበባ ሲሰላ ጣሪያው 30 ዲግሪ አካባቢ ይሆናል ማለት ነው። በሰርቨሩ የአየር ማስገቢያ በኩል በእኩለ ቀን የተለካው 26 ዲግሪ ስለነበርና ቢኤምሲውም የሙቀት ማስጠንቀቂያ ስላልመዘገበ ይህ ግምት ተትቷል።

ያልታዘዘው መጥፋት

ከቁጥር 41 ክስተቶች ጋር በሚገጥሙ ሰዓቶች ቢኤምሲው የኤሌክትሪክ ግብዓት ተቋርጦ መመለሱን መዝግቧል። በባዮስ ውስጥ ኃይል ሲመለስ ማሽኑ በራሱ እንዲነሳ ተመርጦ ነበር፤ በጥር ወር «ራሱ ይነሳል» የተባለው በዚህ ምክንያት ነው። ሠራተኞቹ ግን «መብራት ቢሆን ኖሮ የእኛም ኮምፒውተሮች ይጠፉ ነበር» በማለት አጥብቀው ተከራክረዋል። ክርክሩ በቀላሉ የሚጣል አልነበረም፤ ኮምፒውተሮቹ በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት የሚሠሩ ሲሆን ሰርቨሩ ዩፒኤስ አለው። ጥበቃ ያለው እየጠፋ ጥበቃ የሌላቸው ሳይጠፉ ይቀራሉ።

የዚህ እንቆቅልሽ ፍቺ በዩፒኤሱ አሠራር ውስጥ ይገኛል። የኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ ግብዓቱ ቢቋረጥም በውስጡ ባጠራቀመው ኃይል ሙሉ ጭነት ላይ 16 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይቆያል፤ ጭነቱ ካነሰ ደግሞ ከዚያ በላይ ይዘልቃል። በ50 ኸርዝ መስመር አንድ ሙሉ ዑደት 20 ሚሊ ሰከንድ ስለሚወስድ አነስተኛ ጭነት ያላቸው የጠረጴዛ ኮምፒውተሮች የአንድ ዑደት መቋረጥን ብዙ ጊዜ ሳያውቁት ያልፋሉ። በአነስተኛ ድርጅቶች የተለመደው የዩፒኤስ ዓይነት ግን መስመሩ ዝቅ ማለቱን እንዳወቀ በጥቂት ሚሊ ሰከንዶች ውስጥ ጭነቱን ወደ ባትሪው ያዞረዋል። ባትሪው ከሞተ ሰርቨሩ የተዞረው ወደ ባዶ ምንጭ ነው፤ መስመሩ ወዲያው ቢመለስም ሰርቨሩ ጠፍቷል። እንዲጠብቅ የተገዛው መሣሪያ ኮምፒውተሮቹ የማይሰሙትን ትንሽ መንቀጥቀጥ ወደ ሙሉ መቋረጥ ለውጦታል ማለት ነው።

የዩፒኤሱ ማሳያ ባትሪው ሙሉ እንደሆነ ይናገር ነበር። ማሳያው የሚለካው ያለ ጭነት ያለውን ቮልቴጅ ስለሆነ ያረጀ ባለ 12 ቮልት ባትሪም 13 ቮልት ሊያሳይ ይችላል። ፈተናው ቀላል ነበር፦ ሰርቨሩ ከዩፒኤሱ ተነቅሎ በምትኩ ሁለት ባለ 100 ዋት አምፖሎች ተሰኩ፤ ከዚያም ዩፒኤሱ ከግድግዳ ተነቀለ። አምፖሎቹ ወዲያውኑ ጠፉ። የሊድ አሲድ ባትሪ በተለምዶ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያገለግላል፤ ይህኛው ዩፒኤሱ ከተገዛ ጀምሮ ተለውጦ አያውቅም።

የታዘዘው መጥፋት

በቁጥር 1074 ክስተቶች ውስጥ ያዘዘው ፕሮግራም በሁሉም ላይ አንድ ነበር፤ የዊንዶውስን ፈቃድ የሚከታተለው አገልግሎት። በምክንያቱ ቦታ ላይ የዚህ ዊንዶውስ የፈቃድ ጊዜ ማብቃቱ በግልጽ ተጽፏል። ከመነሳት እስከ መጥፋት ያለው ጊዜም፣ ቁጥር 41 በመሀል ካልገባ በስተቀር፣ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይርቅም። የተጫነው ለ180 ቀን የሚያገለግል የሙከራ ቅጂ ነበር፤ ጊዜው ሲያበቃ ሰርቨሩ በየአንድ ሰዓቱ ራሱን ይዘጋል። መጫኑ የተካሄደው በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ ስለሆነ 180ው ቀን የሚሞላው ሁኔታው በተባባሰበት በየካቲት ሦስተኛ ሳምንት መጨረሻ ነው። ሰርቨሩን የተከለው ሰው ቅጂው የሙከራ መሆኑን ለባለቤቱ አልነገራቸውም፤ እሳቸውም የፈቃድ ዋጋ ጨምረው እንደከፈሉ ያምኑ ነበር። ይህ ዓይነቱ ባሕርይ አዲስ አይደለም። ለአነስተኛ ድርጅቶች ይሸጥ የነበረው ስሞል ቢዝነስ ሰርቨር 2003ም በኔትወርኩ ውስጥ ሊይዛቸው የሚገቡ አምስት ዋና ኃላፊነቶች ወደ ሌላ ሰርቨር ከተዛወሩበት፣ የተሰጠው ጊዜ ሲያልፍ፣ ራሱን ደጋግሞ ይዘጋ ነበር።

የሰዓቱ ልክነት ለምን ቀደም ብሎ አልታየም? አገልግሎቱ የሚቆጥረው ከተነሳበት ጊዜ ጀምሮ ነው። የባትሪው ችግር በመሀል ሲያጠፋው ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል፤ ሠራተኞች ለማስነሳት የሚዘገዩበት ጊዜም ከቦታ ቦታ ይለያያል። በደብተሩ ላይ የሰፈረው የመጥፊያ ሰዓት ብቻ ስለነበር ዝርዝሩ ሥርዓት የለሽ ሆኖ ታየ። የመነሻው ሰዓት ከመዝገቡ ተወስዶ አጠገቡ ሲጻፍ ግን ሥርዓቱ ወጣ። አንድ ዕቃ ሲበላሽ በሰዓት ልክ አይጠፋም፤ በሰዓት ልክ የሚጠፋ ማሽን የሚያዝዘው አለው ብሎ መነሣት አዋጭ ነው።

የተወሰደው እርምጃ

ባትሪው በአንድ ቀን ተለወጠ፤ በአምፖሎቹም እንደገና ተፈተነ። ፈቃዱ የበለጠ ጊዜ ወስዷል። ቆጣሪውን የሚያታልል ፕሮግራም እንጫን የሚል ሐሳብ ከድርጅቱ ውስጥ ቀርቦ ነበር፤ ምንጩ ያልታወቀ ፕሮግራም የሂሳብ ዳታ ባለበት ሰርቨር ላይ መጫን ከችግሩ የከፋ አደጋ ስለሆነ አልተደገፈም። ባለቤቱ ፈቃዱን ከሻጭ ገዝተው እስኪደርስ ድረስ የፒችትሪው ዳታ ወደ አንድ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ተዛውሮ የታክስ ማሳወቂያው በጊዜው ቀርቧል። ቁልፉ ሲደርስ የሙከራው ቅጂ እንደ አዲስ መጫን ሳያስፈልግ በዊንዶውሱ በራሱ ትእዛዝ ወደ መደበኛ ቅጂ ተቀይሯል። የተለወጡት ራምና ፓወር ሰፕላይ በአምራቹ መሞከሪያ ሲፈተኑ ጤነኞች ሆነው ስለተገኙ በመለዋወጫነት ተቀምጠዋል።

ከዚያ በኋላ በስድስት ሳምንት ውስጥ ሰርቨሩ አንድ ጊዜ ጠፍቶ ተነሥቷል። ባለቤቱ ደንግጠው ሲደውሉ ደብተሩ ላይ የሰፈረው «ሌሊት 9 ሰዓት» ነበር፤ በመዝገቡ 03:00 ላይ ሲፈለግ ቁጥር 1074 ተገኘ፤ ያዘዘው የዊንዶውስ ማሻሻያ አገልግሎት ነበር።