ያገለገለ ቱርቦ ሱባሩ ገዝቶ በየቀኑ መንዳት

የቱርቦ ስፖርት መኪና ካረጀ በኋላ አይታመንም ይባላል። አባባሉ በግማሹ ልክ ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ2002 እስከ 2007 ለአሜሪካ ገበያ የቀረበውን ሱባሩ ኢምፕሬዛ ደብሊው አር ኤክስን እንውሰድ። የዚህ መኪና ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ዘይት ሲያጥረው፣ ሙቀት ሲበዛበት ወይም የቀድሞ ባለቤቱ ጉልበት ልጨምርበት ብሎ ሲነካካው ነው። ሦስቱንም ከመግዛትዎ በፊት ሊደርሱባቸው፣ ከገዙ በኋላም ሊከላከሏቸው ይችላሉ። ስለዚህ ከፈረስ ጉልበቱ በፊት ታሪኩን ይጠይቁ።

ይህን የምጽፈው በተለይ ለኮሎራዶ ነዋሪዎች ነው። ዴንቨርና አውሮራ ብዙ ሐበሻ ይኖራል፤ መንገዱም በሱባሩ የተሞላ ነው። ዴንቨር 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስለምትገኝ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 83 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ከጉልበቱ 15 በመቶ ያህል ያጣል። ቱርቦ ግን የሳሳውን አየር ጨምቆ ስለሚያስገባ ጉድለቱን ይሸፍናል። የአዲስ አበባን ዳገት የነዳ ሰው ነገሩን በደንብ ያውቀዋል፤ አዲስ አበባ ከዴንቨርም በ700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለችና። ቱርቦው ጉድለቱን የሚሸፍነው ግን ራሱ ይበልጥ እየተሽከረከረና እየሞቀ ስለሆነ፣ ደጋ ላይ የሚነዳ ቱርቦ መኪና ተጨማሪ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

1. ዓመቱን ይምረጡ

ከ2002 እስከ 2005 ያሉት 2.0 ሊትር ሞተርና 227 የፈረስ ጉልበት አላቸው። የ2006 እና የ2007ዎቹ ወደ 2.5 ሊትር አድገዋል፤ ጉልበታቸው በ2006 230፣ በ2007 ደግሞ 224 ተብሎ ተመዝግቧል። ቁጥሩ ቢቀራረብም ትልቁ ሞተር ከታች ጀምሮ ስለሚጎትት ከተማ ውስጥ ይቀላል። ያም ሆኖ ለየዕለት ሥራ ከሆነ ምርጫዬ 2.0 ሊትሩ ነው። በ2.5 ሊትሩ ላይ በፒስተኑ ፋሻዎች መካከል ያለው ቀጭን ግድግዳ መሰንጠቅ ያጠቃዋል፤ ብዙ ጊዜም የሚጀምረው 4ኛው ሲሊንደር ላይ ነው። መነሻው ዲቶኔሽን የሚባለው ነው። ቤንዚኑና አየሩ ካንዴላው ካቀጣጠለው በኋላ ቀስ በቀስ መቃጠሉን ትቶ በራሱ ሲፈነዳ ፒስተኑን ከላይ እንደ መዶሻ ይመታዋል። ያልተነካካ 2.5 ሊትር ብዙ ሊያገለግል ይችላል፤ ስህተት የመሸከም አቅሙ ግን አነስተኛ ነው።

ሱባሩ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያነሳው የቴስታታ ጓርኒሲዮን ችግር ነው። ያ በዋናነት የሚታወቀው ቱርቦ በሌላቸው 2.5 ሊትር ሞተሮች ላይ ነው። የቱርቦዎቹ ጓርኒሲዮን ከበርካታ የብረት ንጣፎች የተሠራ ስለሆነ በእጅጉ ይሻላል። በ2004 የመጣው ኤስ ቲ አይ ደግሞ 300 የፈረስ ጉልበትና ጠንካራ ባለ 6 ማርሽ ካምቢዮ ያለው ግሩም መኪና ቢሆንም፣ ያልተቀጠቀጠ ማግኘት ከባድ ነው፤ ለዚህ ዓላማ ይለፉት።

2. ከመሄድዎ በፊት በስልክ ይጠይቁ

ኢምፕሬዛ ስሙን ያገኘው በራሊ ነው። ኮሊን ማክሬ በ1995 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በዚሁ መኪና ሲሆን፣ በ1997 ኬንያ ውስጥ የሳፋሪ ራሊንም አሸንፎበታል። ያን ዝና አይቶ የገዛ ወጣት እንዴት እንደሚነዳው መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ “ምን ተቀይሮበታል?” የሚለው ይሁን። የአየር ማስገቢያው፣ ጭስ ማውጫው ወይም የኮምፒውተሩ ፕሮግራም ከፋብሪካ ከመጣው ከተለየ፣ ማን እንደሠራውና ደረሰኝ እንዳለው ይጠይቁ። አየር ማስገቢያውን ብቻ ቀይሮ ፕሮግራሙን ሳያስተካክል የነዳ ሰው የአየር መለኪያውን ሴንሰር አሳስቶታል፤ ቤንዚኑ ሲሳሳ ደግሞ ከላይ ያልኩት ዲቶኔሽን ይመጣል። “ዕቃዎቹን አውጥቼ የፋብሪካውን መልሼአለሁ” የሚል መልስ አያጽናናም፤ ጉዳት ደርሶ ከሆነ ደርሷል።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ታይሚንግ ቺንጋው ነው። ፋብሪካው የሚያዘው በ105,000 ማይል፣ ማለትም ወደ 169,000 ኪሎ ሜትር ላይ ወይም በ105 ወር እንዲቀየር ነው። የቀደመው ይቆጠራል። ትንሽ የተነዳ መኪና እንኳ በዕድሜው ብቻ ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። ቺንጋው ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይጋጫሉ፤ ወጪው የመኪናውን ዋጋ ሊበልጥ ይችላል።

3. ቀዝቃዛ ሞተር ይዩ

ሻጩ ከመድረስዎ በፊት ሞተሩን እንዳያስነሳ ይለምኑት። ሲደርሱ እጅዎን ኮፈኑ ላይ ያሳርፉ፤ ከሞቀ ሌላ ቀን ይቀጥሩ። በቅዝቃዜ የሚሰማው ድምፅ ነው ብዙ ነገር የሚናገረው።

ሞተሩ ሳይነሳ የዘይት መለኪያውን ዘንግ ያውጡ። ደረጃው ከታችኛው ምልክት በታች ከሆነ እዚያው ማቆም ይሻላል፤ ቱርቦ መኪና ይዞ ዘይት የማያይ ሰው ሌላውንም አላየም። አሁን ያስነሱትና ሁለት ድምፆችን ለይተው ያዳምጡ። አንዱ ደፈን ያለ ኳኳታ ነው፤ ፒስተኑ ሳይሞቅ የሲሊንደሩን ግድግዳ ሲነካ የሚመጣ ሲሆን ሞተሩ ሲሞቅ ይጠፋል። በእነዚህ ሞተሮች የተለመደ ስለሆነ ብዙ አያሳስብም። ሌላው ሞተሩ ከሞቀም በኋላ የማይለቅ፣ ይልቁንም ጎልቶ የሚሰማ ጠንካራ ምት ነው። ቤንዚኑን በደቂቃ እስከ 2,500 ዙር ሰጥተው ቀስ ብለው ሲለቁ በደንብ ይሰማል። ያ የቢዬላ ብሮንዚን ነው፤ ዋጋ ሳይከራከሩ ይሰናበቱ።

ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ይክፈቱ። ትንሽ እስትንፋስ ጤና ነው፤ ጭስ እየገፋ የሚወጣ ከሆነ ግን ፋሻው ወይም ፒስተኑ ጋዝ እያሳለፈ ነው። በ2002 እና በ2003ዎቹ ላይ በውርጭ ጠዋት የቤንዚን ሽታ ካለ፣ በቅዝቃዜ የሚላሉት የነዳጅ ቱቦዎች ናቸው። በቀላሉ ይሠራል፤ ሳይሠራ ግን አይነዳም፤ ቤንዚን ከትኩስ ሞተር በላይ እየተንጠባጠበ ነውና። ከስር ሲያዩ ደግሞ ዝገቱን አይርሱ፤ የኮሎራዶ መንገዶች በክረምት የሚረጭባቸው ማግኒዥየም ክሎራይድ ብረት ይበላል።

4. ይንዱት

ከ1ኛ ወደ 2ኛ፣ ከ2ኛ ወደ 3ኛ ማርሽ ሲገባ መንጨርጨር ካለ ካምቢዮው ተደብድቧል። የባለ 5 ማርሹ ካምቢዮ ደካማ ጎን ይህ ነው፤ ፍሪሲዮን በድንገት እየለቀቁ ማስነሳት ጥርሱን ያረግፈዋል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ በ3ኛ ማርሽ ከ3,000 ዙር ላይ ሙሉ ቤንዚን ይስጡ፤ ጉልበቱ ሳይንቀጠቀጥ ወጥ ሆኖ መውጣት አለበት።

አራቱንም ጎማዎች ይመልከቱ። መኪናው በአራቱም ጎማ ስለሚጎትት ሁሉም አንድ ዓይነትና በእኩል ያለቁ መሆን አለባቸው፤ የዙሪያ ልዩነታቸው ከሩብ ኢንች፣ ማለትም ከ6 ሚሊ ሜትር ገደማ እንዳይበልጥ ነው የሚመከረው። ሁለት አዲስ ከፊት፣ ሁለት ያለቁ ከኋላ አድርጎ የነዳ ሰው መሃከለኛውን ዲፈረንሻል ሲያቃጥል ኖሯል።

5. የራስዎ መካኒክ ጋ ይውሰዱት

ሻጩ የሚያውቀው ጋራዥ አይሁን። ለምርመራው የሚከፍሉት ገንዘብ በዚህ ሁሉ ሂደት ከሚያወጡት ገንዘብ የተሻለው ነው። ሁለት ነገር ይጠይቁ፤ የኮምፕሬሽን መለኪያና የአየር መፍሰስ መለኪያ። እዚህ ላይ የደጋ ሰው ማወቅ ያለበት አለ። ዴንቨር ላይ አየሩ የሳሳ ስለሆነ የኮምፕሬሽን ቁጥሩ በአራቱም ሲሊንደር መጽሐፉ ላይ ከተጻፈው ዝቅ ይላል፤ መካኒኩም ሆነ እርስዎ በዚያ አትደንግጡ። የሚታየው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። ሦስቱ ተቀራርበው 4ኛው ብቻውን ከወረደ ፒስተኑ ተጠርጣሪ ነው። በአየር መፍሰሱ መለኪያ ከ10 በመቶ በታች ጥሩ ነው፤ ከ20 በላይ ከሆነ አየሩ በየት እንደሚወጣ ጆሮ ሰጥቶ መለየት ያስፈልጋል። በዘይት መሙያው ከሆነ ፋሻ፣ በጭስ ማውጫው ከሆነ ቫልቭ ነው።

ኮምፒውተሩንም ያስነብቡ። መኪናው ራሱን የሚፈትሽባቸው ምርመራዎች “አልተጠናቀቁም” ካለ፣ የብልሽት ኮዱ በቅርቡ ተሰርዟል ወይም ባትሪው ተነቅሏል ማለት ነው። የዴንቨር አካባቢ የጭስ ምርመራ ስላለበት፣ ያለፈበትን ወረቀት ሳያዩ ገንዘብ አይስጡ። በ2.0 ሊትሩ ላይ ከቱርቦው በፊት አንድ ትንሽ ካታሊስት አለ፤ ሲፈራርስ ስብርባሪው ወደ ቱርቦው ቢላዎች ይገባል። መካኒኩ የቱርቦውን ዘንግ በእጁ ይፈትሸው። ወደ ጎን ትንሽ መወዛወዝ የተለመደ ሲሆን፣ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ መንቀሳቀስ ወይም ቢላው ግድግዳውን መንካት ግን አይፈቀድም።

6. በመጀመሪያው ሳምንት

የቀድሞው ባለቤት የነገረዎትን ሁሉ ይመኑት፤ ሥራውን ግን እንደ አዲስ ይጀምሩ። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት፣ የራዲያተር ፈሳሽ፣ የፍሬን ዘይት፣ ካንዴላዎች ይቀየሩ። የታይሚንግ ቺንጋው ማረጋገጫ ከሌለው ዛሬ ይቀየር፤ ከቺንጋው ጋር መወጠሪያው፣ ተሽከርካሪዎቹና የውሃ ፖምፓው አብረው ካልተቀየሩ ሥራው ግማሽ ነው። ቺንጋው አዲስ ሆኖ ያረጀ መወጠሪያ ቢከዳው ውጤቱ ያው ነው።

ከዚያ ወደ ላስቲኮቹ ይሂዱ። ሃያ ዓመት ከቱርቦ አጠገብ የኖረ የጎማ ቱቦ ይደርቃል፤ ሲጫኑት ይሰነጠቃል። ትንንሾቹ የቫኩም ቱቦዎች ዋጋቸው ኢምንት ነው፤ አንዷ ስትቀደድ ግን ሞተሩ ትንፋሽ እየበዛበት ሚኒሞው ይንቀጠቀጣል። በ2.5 ሊትሩ ላይ ወደ ቱርቦ የሚሄደው የዘይት መስመር ብሎን ውስጥ የተደበቀች ትንሽ ወንፊት አለች። ዘይት ሳይቀየርለት የቆየ ሞተር ላይ በካርቦን ትደፈንና ቱርቦው ዘይት አጥቶ ይሞታል። መካኒኩ አውጥቶ እንዲያሳይዎት ይጠይቁ፤ ቀዳዳዎቿን በብርሃን ሲያዩ የሞተሩን የኋላ ታሪክ ያነባሉ።

7. የዕለት ልማድ

ዘይቱን ቢያንስ በየሁለት ቤንዚን ሙሌት ይለኩ። ሲንተቲክ ይጠቀሙና በየ5,000 ኪሎ ሜትር ይቀይሩ። የቱርቦው ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ዙር በላይ የሚሽከረከረው በስስ የዘይት ሽፋን ላይ ተንሳፎ ነው፤ ያው ዘይት የቢዬላውንም ብሮንዚን ይጠብቃል።

ጠዋት አስነስቶ ለረጅም ጊዜ ማቆም አያስፈልግም፤ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ በቀስታ ይንዱ። የሙቀት መለኪያው መሃል ስለደረሰ ሞተሩ ሞቋል ማለት አይደለም፤ እሱ የሚያሳየው ውሃውን ነው፤ ዘይቱ ከዚያ በኋላ ብዙ ደቂቃ ይወስዳል። እስከዚያ ድረስ ከ3,000 ዙር አይለፉ። ከቤት ወደ ሥራ አምስት ደቂቃ ብቻ የሚነዱ ከሆነ፣ ዘይቱ ውስጥ የሚቀረው ቤንዚንና እርጥበት እንዲወጣ በሳምንት አንዴ አውራ ጎዳና ላይ ግማሽ ሰዓት ይንዱት።

በ5ኛ ማርሽ፣ በ2,000 ዙር ላይ ሆነው ዳገት ሙሉ ቤንዚን አይስጡ፤ ማርሽ ይቀንሱ። ወደ 3,400 ሜትር በሚጠጋው የአይዘንሃወር ዋሻ መንገድ ወጥተው ወዲያው የሚቆሙ ከሆነ፣ ሞተሩን አንድ ደቂቃ በሚኒሞ ይተዉት፤ አለበለዚያ ቱርቦው ውስጥ የቀረው ዘይት ይከስላል። ከተማ ውስጥ በቀስታ ሰፈር ከገቡ ግን መጠበቅ አያስፈልግም።

ቤንዚን ላይ አይቆጥቡ። ኮሎራዶ ውስጥ በርካሽ የሚሸጠው 85 ኦክቴን ነው፤ አየሩ ስለሳሳ ቱርቦ የሌላቸው አሮጌ መኪናዎች ይችሉታል። ቱርቦ ግን የሳሳውን አየር መልሶ ስለሚጨምቀው ሞተሩ ከፍታ ላይ መሆኑን አያውቅም። ለዚህ መኪና 91 ብቻ።

ሥራዎ ሰዓት የማይታለፍበት ከሆነ፣ መኪናው ጋራዥ ለሚውልባቸው ቀናት ሌላ መጓጓዣ ከአሁኑ ያዘጋጁ፤ ለጥገናም በየወሩ ገንዘብ ለብቻው ያስቀምጡ።

የዘይት መብራቱ እየነዱ ለቅጽበት እንኳ ብልጭ ካለ፣ መንገዱን ለቀው ወዲያው ሞተሩን ያጥፉ። “ቤት ድረስ ብቻ” አይበሉ፤ መልሰውም አያስነሱት። ዘይቱን ይለኩ፤ ሙሉ ከሆነ የዘይት መሳቢያ ቱቦው ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል ጎታች መኪና ይጥሩ። ለጎታች የሚከፍሉት ሞተር ከመሥራት ጋር አይወዳደርም።