እንስሳ ሳይገደል ስለ ማስተማርና ወጪው ከየት እንደሚገኝ

መምህራን ሆይ፥ የአገር ሽማግሎችም፤ ይህ ትምህርት የተጻፈው በወልቂጤና በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ የገጠር ትምህርት ቤቶች የሰውነትን አሠራር ለሚያስተምሩና ልጆቻቸውን ወደዚያ ለሚልኩ ነው። ነገሩም ሁለት ጥያቄ አለው። እንስሳ ሳይገደል ማስተማርና መመርመር ይቻላልን? ቢቻልስ ወጪውን ማን ይችላል?

እኔ ጸሐፊው በአንድ ትምህርት ቤት እንቁራሪት ተሰንጥቃ ትምህርት ሲሰጥ አይቻለሁ። ከስድሳ ልጆች መካከል ልቧን ያዩት ከፊት የቆሙት ስድስት ወይም ሰባት ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት የባልንጀሮቻቸውን ጀርባ አዩ። ደግሞም የእንቁራሪት ልብ ሦስት ክፍል ሲሆን የሰው ልብ አራት ነውና፥ ያዩትም ስለ ራሳቸው ልብ የተሳሳተ ነገር ይዘው ሄዱ። መምህሩ ይህን ያደረገው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ሌላ መሣሪያ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው።

አንደኛ፤ ስለ ሊቃውንት ሥርዓት።

በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ዊልያም ራስልና ሬክስ በርች የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ሊቃውንት ለምርምር ሦስት ሥርዓት አወጡ። የመጀመሪያው በእንስሳ ፈንታ ሌላ ነገር መተካት ነው። ሁለተኛው መተካት ባይቻል ቍጥራቸውን መቀነስ ነው። ሦስተኛው ሥቃያቸውን ማቅለል ነው። ይህ ምክር በቃል ብቻ እንዳይቀር የእንግሊዝ መንግሥት በ2004 በዚያው አቆጣጠር ለዚህ ሥራ ገንዘብ የሚሰጥ ብሔራዊ ማዕከል አቋቋመ። መተኪያ በምኞት አይገኝምና፤ ተመራምሮ የሚያወጣው ሰው ደመወዝና መሣሪያ ያስፈልገዋል።

ሁለተኛ፤ ስለ አገራችን ምስክር።

የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት በአዲስ አበባ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ከበግና ከፍየል አንጎል ይሠራ ነበር። የተነከሰውም ሰው ብዙ ቀን እየተመላለሰ ሆዱ ላይ ይወጋ ነበር፤ አንዳንዱንም ክትባቱ ራሱ የነርቭ ሕመም ያመጣበት ነበር። የዓለም የጤና ድርጅት ይህ ዓይነት ክትባት እንዲቀር ደጋግሞ መክሯል። ድኾች አገሮች ግን ርካሽ ስለ ሆነ ቶሎ ሊተዉት አልቻሉም።

የሚተካው ክትባት በጠርሙስ ውስጥ በሚራባ ሕዋስ ላይ ይሠራል። ከነዚህ ሕዋሳት አንዱ ቬሮ ይባላል፤ በ1962 በአውሮፓውያን አቆጣጠር በጃፓን አገር ከአንድ ጦጣ ኩላሊት ተወስዶ እስከ ዛሬ እየተባዛ ያገለግላል። መርፌው ጥቂት ነው፤ የሚወጋውም ክንድ ላይ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ መተኪያው በመጀመሪያ ገንዘብ ይጠይቃል፤ አንድ ጊዜ ከተገኘ ግን ረጅም ዘመን ይጠቅማል።

ሦስተኛ፤ ስለ ቡታጅራ ምርምር።

ምርምር ሁሉ እንስሳ የሚሻ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በቡታጅራ ዙሪያ የጤና ጥናት ጀመረ። መዝጋቢዎች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ የተወለደውንና የሞተውን ጻፉ፤ ከዚህም ብዙ የሕክምና እውቀት ተገኘ። ይህም የተቻለው የስዊድን መንግሥት ወጪውን ስለ ደገፈ ነው።

አራተኛ፤ በየመንደሩ ሊደረግ ስለሚገባው።

በመስቀልም ሆነ በዐረፋ በየቤቱ ከብት ይታረዳል። ለምግብ ከታረደው በሬ ወይም በግ ልብና ሳንባ ልጁ ይማርበት፤ ሌላ ነፍስ መጥፋት የለባትም። የበግ ልብ እንደ ሰው ልብ አራት ክፍል አለው። ሳንባውም ንጹሕ መቃ በጉሮሮው ገብቶ በወናፍ ሲነፋ እንዴት እንደሚያብጥ ይታያል። መምህሩ ከበዓሉ በፊት ጥያቄ ይስጥ፤ አባት ወይም አያት በቤት ያሳይ።

ነገር ግን ታሞ የሞተ ከብት አይነካ፤ አባ ሰንጋ ሰውን ይገድላልና። ከተማሩበት በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ውኃ የቋጠረ ሳንባ ወይም ጉበት ቢገኝ ለውሻ አይጣል፤ ይቀበር ወይም ይቃጠል። በውስጡ ያለው ትል በውሻ በኩል ወደ ሰው ይመለሳልና።

ለዓመቱ ሁሉ የሚሆን የልብና የሆድ ዕቃ አምሳል ደግሞ ከአካባቢው የሸክላና የእንጨት ሠሪዎች ማሠራት ይቻላል። ዋጋቸው ሳይቀነስ ይከፈላቸው። ወጪውን የወላጅና የመምህር ኅብረት ከትምህርት ቤቱ ድጎማና ከሕዝብ መዋጮ ያውጣ። የጉራጌ ሰው ለመስቀል በሬ ዓመቱን ሙሉ ዕቁብ ይጥላል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ከዓለም ገና በቡታጅራ በኩል የሚያልፈውን መንገድ ለማሠራት በማኅበር ገንዘብ አዋጥቷል። መንገድ ያሠራ ሕዝብ ለአንድ የሸክላ ልብ አያንስም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላልና።

የመልመጃ ጥያቄ።

፩ኛ፤ ሦስቱ የሊቃውንት ሥርዓት ምንና ምን ናቸው?
፪ኛ፤ የበግ ልብ ከእንቁራሪት ልብ ይልቅ ለትምህርት የሚሻለው ስለ ምንድር ነው?
፫ኛ፤ በመንደራችሁ የአንድ አምሳል ዋጋ ለስንት አባወራ ቢካፈል ለማንም አይከብድም? ሽማግሎችን ጠይቃችሁ ጻፉ።