የሻጭና የገዢ ልክ ለምን ይለያያል?

ፋብሪካ ያመረተው ዕቃ ልኩ የሚረጋገጠው በአብዛኛው ሙቀቱ በተጠበቀ ክፍል ውስጥ በተተከለ መለኪያ ነው። የአውሮፕላን ክንፍን የመሰለ ግዙፍ ዕቃ ግን ክፍሉ ስለማይችለው መለኪያውን ተሸክሞ ወደ ዕቃው መሄድ ግድ ይላል። በሦስት እግር ላይ ቆሞ በሌዘር ጨረር ርቀት የሚለካው ተንቀሳቃሽ መሣሪያ ከዚህ ዓይነቱ አንዱ ነው።

ችግሩ ግን ሙቀት ነው። በኢንዱስትሪ የዕቃ ርዝመት የሚነገረው በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲለካ በሚኖረው ልክ ነው። 10 ሜትር የሆነ አሉሚኒየም ሙቀቱ 25 ዲግሪ ሲደርስ ከ1 ሚሊ ሜትር በላይ ይረዝማል። የአየሩ ሙቀትም የሌዘሩን ልኬት ያዛባል። በመሆኑም ሻጭ ጠዋት ለክቶ ያሳለፈውን ዕቃ ገዢ ከቀትር በኋላ ለክቶ ሊመልሰው ይችላል። ኪሣራው የማን ይሁን?

ለዚህ መፍትሔ ለመሻት የእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ላቦራቶሪ፣ የጀርመኑ ፒቲቢና ሌሎች የአውሮፓ የልኬት ተቋማት ከ2013 እስከ 2016 እ.ኤ.አ. «ሉሚናር» በተባለ የጋራ ምርምር ሠርተዋል። ዓላማው አየሩና ሙቀቱ በልኬቱ ላይ የሚያደርሱትን ለውጥ እዚያው ፋብሪካው ወለል ላይ አስልቶ ማረም ነበር። ዕቃው ድንበር ተሻግሮ የሚሸጥ በመሆኑ አንድ አገር ብቻውን የሚያወጣው ዘዴ ሌላው ካልተቀበለው ጥቅሙ አነስተኛ ነው።

ነጋዴው ከዚህ የሚወስደው ትምህርት ግልጽ ነው። ውሉ መጠንን ብቻ ሳይሆን ልኬቱ በስንት ዲግሪ እንደሚታሰብ፣ የሙቀቱ ልዩነት እንዴት እንደሚታረምና የመሣሪያው የካሊብሬሽን ምስክር ወረቀት የስህተቱን ወሰን እንዲገልጽ ማስፈር ይኖርበታል።